አንደኛ የወጣው ምን ተሸክሞ ነበር

ለልጄ ለየትነበርሽ አስናቀው፣

ሰላምታዬ ከአዘዞ ተነሥቶ ሐዋሳ እስኪደርስ መንገድ አይጥፋው። እንዴት ከርመሻል? ልብስ ስትሰፊ የሚያምሽ ወገብሽ ተሻለሽ? ባልሽ ይታየው ጤናው እንዴት ነው? ልጅሽ ሄለንስ ያ ሳሏ ለቀቃት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ሸጋ ነኝ፤ ዝናቡም ዘንድሮ ቀደም ብሎ ገብቶልናል።

በቀደም በስልክ፣ የማታ ትምህርት ልትመዘገቢ አስበሽ እንደተውሽው ነገርሽኝ። ምነው ብልሽ «እኔ ድሮም ለትምህርት አልሆንም፤ አንቺም ታውቂያለሽ» አልሽኝ። ዝም አልሁ። ዝምታዬን እሺታ አድርገሽ እንዳትወስጂው ነው ይህን የምጽፍልሽ።

እህትሽ ፅዮንና የሥራ ባልደረባዋ ሰውአገኝ፣ የአይከል ዙሪያ ገበሬዎች የከብት ክትባት ቀናቸውን በስልክ የሚያዩበት ድረ ገጽ እየሠሩ ነው። ለዚህ ሥራ ፍሬምወርክ የሚሉት አለ፤ ለቤት ዋልታና ማገር እንደማለት ነው፣ ጭቃው በላዩ ይለሰናል። የትኛው እንደሚፈጥን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል፤ በሰከንድ ስንት ጥያቄ እንደሚመልስ እየተጻፈ ከአንደኛ እስከ መቶ ምናምነኛ ተደርድሯል። ሰውአገኝ አንደኛውን እንያዝ አለ። ፅዮን የለመደችው ግን ከዝርዝሩ ወደ ታች ነው። ሦስት ቀን ሲከራከሩ ሰነበቱ። እኔ ምስር እየለቀምሁ «ለመሆኑ ፈተናው ምን ነበር? አንደኛው ምን ተሸክሞ ነው የሮጠው?» አልኋቸው። ሰውአገኝ ሳቀና «እማማ፣ በቅሎ መሰለዎት እንዴ?» አለኝ።

ፅዮን ግን ከሠንጠረዡ ሥር ያለውን ማብራሪያ ገልጣ አነበበች። ለካ ፈተናው አንዲት አጭር ቃል መመለስ ብቻ ኖሯል፤ ከመዝገብ የሚፈለግ ነገር የለ፣ ማሽኑም የእነሱን ዐሥር የሚያህል። አንደኛው ለዚያች ፈተና ተብሎ ትርፍ ትርፉ ተገፎለት የገባ ነው። ስለዚህ የራሳቸውን የገበሬ ዝርዝር ጭነው፣ በምትሠራላቸው ትንሽ ማሽን ሁለቱንም ሞከሩ። ልዩነቱ ጠፋ ማለት ይቻላል፤ ጊዜ የሚበላው ከመዝገቡ ስም ፍለጋው ነበር፣ ማገሩ አይደለም። ሠንጠረዡ አልዋሸም ትላለች ፅዮን፤ የተጠየቀውን ብቻ ነው የመለሰ። የለመደችውን ያዙ።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ልቤ ድሮ በኖርንበት ጭልጋ ነው ያለው። ያ የትምህርት ቤቱ የቆርቆሮ ግድግዳ፣ የስድስተኛ ክፍል ውጤት የተለጠፈበት፣ ከዓይኔ አልሄድ አለ። ማንበብ አልችልም ነበርና ሰው አነበበልኝ፤ ወንድምሽ መዝሙር ሁለተኛ፣ አንቺ ሠላሳ ስምንተኛ። ጎንደር አክስታችሁ ዘንድ ሄዶ የሚማረው አንዳችሁ ብቻ ነበራችሁና፣ እዚያው ግድግዳው ሥር ቆሜ ወሰንሁ። መዝሙር በዓመቱ ትቶት የማኪና ረዳት ሆነ። አሁን ከአራዳ አዘዞ ይነዳል፤ ደስ ብሎት ይኖራል፣ አልፈርድበትም።

አንቺ ያኔ ጎህ ሲቀድ ውሃ ልትቀጂ ወንዝ ትወርጃለሽ። ቀሚስሽ እስከ ጉልበትሽ ርሶ ትመለሽና አልጋ የያዘውን አባትሽን ታጥቢዋለሽ፤ አጥሚቱን ካንቺ እጅ በቀር አይቀበልም ነበር። ትምህርት ቤት የምትደርሺው ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ካለቀ ነው። ከመደቡ ጫፍ ተቀምጠሽ ስታነቢለት የነበረው ድምፅሽ ዛሬም ይመጣብኛል። ካገባሽ በኋላ ፊደል የለየሁት በደብተሮችሽ ነው። ያንቺን አጻጻፍ እያስመሰልሁ ተማርሁ፤ ይህ የምታነቢው እጅ ጽሕፈት ያንቺው ነው።

ሳልነግርሽ የኖርሁት አለ። በዚያው ሰሞን መምህራችሁ የሻው እኛ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር፤ አንቺ ወንዝ ነበርሽ። «ይህች ልጅ ግማሹን ቀን እየቀረች ነው ይህን ያመጣች። አንድ መንፈቅ በሰዓቷ ትምጣና ከዚያ እንመዝናት» አለኝ። እኔ «ራሷ አልፈለገችም» አልሁት። ውሃውን ማን ይቅዳ፣ አስናቀውን ማን ያንሣው ብዬ ነው። አባትሽ ሰምቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እስኪሞት አላነሣብኝም። ልጄ፣ አልሆንም የሚለው የእኔ ፍርድ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም። ይቅር በይኝ።

ይታየውን ሰላም በይልኝ። ሄለንን ግንባሯን ሳሚልኝ። አማትሽን እማማ አዛለችን «ጉልበትዎን ስማለች» በያቸው። ፅዮንንና መዝሙርን በጣም ናፍቀሻቸዋል።

ተመዝገቢ ብዬ ዳግመኛ አልወስንብሽም። የመምህር የሻውን መልእክት ግን ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ ይኸው አደረስሁልሽ፤ መልሱን አንቺ ስጪ።

እናትሽ አየለች
አዘዞ፣ ጎንደር
ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.