የጋቢናው ውሃ

ኮምቦልቻ፣ ሰኞ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለም፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ዘንድሮ የጦሳ ተራራ ብርድ ጠንክሯል ሲሉ ሰምቼ አንቺን አሰብኩ። ሙናዬ ደህና ናት? ያ የጆሮዋ ሕመም ተመልሶ አልመጣባትም? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጄ ሰልዋ እንቅልፍ አጥታለች እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። እንቅልፍ ያጣችበትንም እዚሁ ታነቢዋለሽ።

ስልክ ኪሴ ውስጥ እያለ፣ ደሴም የሐረጎን ዳገት ወጣ ብሎ እዚያው ሆና ሳለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ባለፈው ረቡዕ ደውዬልሽ ነበር። እጮኛሽ ሂሻም አነሳውና ገበያ ወጥታለች፣ ምን ልንገራት አለኝ። ምንም አልኩት። ድምፅሽን ብሰማ ደግሞ ግማሹን ተናግሬ ግማሹን የምውጠው ይመስለኛል። ይህን ሰልዋ በእጇ ትሰጥሻለች። ደጁን ዘግተሽ፣ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገሩ ስለ መኪናዋ ነው።

የጋብቻው ኒካህ ከመታሰሩ በፊት ከግቢዬ ትውጣልኝ፣ አድርቀህ ሽጣት ብለሽ በጭነት መኪና ከላክሽልኝ ሃያ ቀን አለፋት። ባልሽ የነበረው አብዱልባሲጥ አቧራ እንኳ እንዲነካት የማይፈልግላት ያቺ ቀይ ባለሁለት በር የስፖርት መኪና፣ ስድስት ዓመት ተኩል ከሸራ በታች ተቀምጣ ቀለሟ ጉበት መስሏል። በሯን ስከፍት ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቷል። አልገረመኝም። የደሴ ክረምት ስድስት ጊዜ ወርዶባታል፤ ያረጀ መኪና ደግሞ የበርና የመስታወቱ ማሸጊያ ጎማ ደርቆ ይሰነጠቅና ውሃ ያስገባል። እንጀራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ።

ውሃ የሚገባበትን መፈለግ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። መጀመሪያ ውስጧን አጥቦ በፀሐይ ሙልጭ አድርጎ ማድረቅ ነው። ከዚያ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሌላው ከውጭ በጎማ ውሃ ያፈሳል። ከታች ጀምሮ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ ከላይ ከጀመርሽ ውሃው ሁሉን ያርስና የገባበትን ይደብቅብሻል። ሰልዋን ውስጥ አስቀመጥኳት። የኋላ መብራቱ ጋ ስደርስ እዚህ ነው ብላ መስታወቱን መታች። የመብራቱን ማሸጊያ ጎማ ቀየርኩት። በማግስቱ የፊት መስታወቱ የታችኛው ጥግ ላይ አገኘን፤ መስታወቱን አውርጄ በአዲስ ማጣበቂያ መለስኩት። ጣሪያዋ ላይ ያለችው መስኮት ውሃዋን የምታወርድባቸው አራት ቀጫጭን ቱቦዎች አሏት። ሁለቱ በባሕር ዛፍ ቅጠል ተደፍነዋል፣ አንዱ ውስጥ ተርብ ቤት ሠርቷል። በኮምፕሬሰር ነፋኋቸው። የበሮቹም የውስጥ ላስቲክ ተቀዶ ነበርና አዲስ ቆርጬ ለጠፍኩ። ሳምንት ሙሉ ፈጀብኝ። በመጨረሻ ከጣሪያ እስከ ጎማ ውሃ ለቀቅንባት፤ ሰልዋ አንድ ጠብታ የለም አለች። ደስ ብሎኝ ጋራዡ ውስጥ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር አስገብቼ ቆለፍኩ።

ጠዋት ስከፍት ከሾፌሩ ጎን ያለው የጋቢናው ወለል እርጥብ ነው።

የሾፌሩ በኩል ደረቅ፣ የኋላው ደረቅ፣ ጋቢናው ብቻ እርጥብ። እንደምታውቂው በልጉ ገና አልጣለም፤ ኮምቦልቻ ላይ ደመና ካየን ወር ሆኖናል። የቀረ ውሃ ይሆናል ብዬ ጨመቅኩት፣ አደረቅኩት። በማግስቱም እንደዚያው። ሦስተኛው ቀን ውሃው ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ወለሉ ላይ አመድ በወንፊት ነፋሁበትና ቆልፌ ሄድኩ። ሲነጋ ከሰልዋ ጋር አብረን ነው የከፈትነው። አመዱ ሁሉ ደረቅ ሆኖ ከወንበሩ ፊት ለፊት ሁለት ረዘም ያሉ እርጥብ ቦታዎች ጎን ለጎን ወጥተዋል። የሰው እግር ያህል ናቸው።  ከዚያን ቀን ወዲህ ሰልዋ ውስጥ ገብታ ልትቀመጥልኝ ፈቃደኛ አይደለችም።

ጎረቤቴን ጋሽ ፈንታሁንን፣ የመኪና ወንበር የሚሰፉትን ሰውዬ፣ ሁለቱን የፊት ወንበሮች እንዲያድሱልኝ ሰጥቻቸው ነበር። የሾፌሩን ጨርሰው ሲያመጡ ጋቢናውን ሳይነኩት መለሱልኝ። ምነው ስላቸው፣ ስፖንጁ አይደርቅም፤ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን አሰጣሁት፣ በሦስተኛው ስጫነው ውሃ አወጣ፤ ልጄ፣ እኔ ሰው ያለበትን ወንበር አልሰፋም አሉ። ሊያስቁኝ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። የሚቀልዱ አይመስሉም። ገንዘቤን መልሰው ሄዱ።

ማክሰኞ ዕለት ተናድጄ ወለሉን እስከ ላሜራው ገለጥኩት። ምንጣፉንም ከሥሩ ያለውንም ስፖንጅ አወጣሁ፤ ከበሩ ሥር የሚሄደውን ሳጥን መሰል ብረት ቀዳዳዎች ከፈትኩ። እታለም፣ ከውስጡ ደለል ወረደ። ቀይ፣ የደቀቀ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ያለበት ደለል። በሁለት እፍኝ ዘገንኩት። ዝናብ ደለል ይዞ አይመጣም። የበሩን የውስጥ ሽፋን ሳነሳ ደግሞ ውሃው ቆሞበት የነበረው መስመር ላሜራው ላይ ተጽፏል፤ ቁጭ ያለ ሰው ደረት ድረስ ይሆናል። መኪናዋ ወንዝ ገብታ ነበር። አንድ ሰው አውጥቶ፣ አጥቦ፣ ቤትሽ አምጥቶ አቁሟታል።

ከዚያ የሾፌሩን ወንበር አየሁ። ወንበሩ የሚንሸራተትበት ብረት በውሃው ዝጎ፣ በነበረበት ቦታ ተጣብቆ ቀርቷል። ለጋሽ ፈንታሁን ላወጣው ስል በመዶሻ ነው ያላቀቅኩት፤ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። የተጣበቀው መሪው ሥር፣ እስከ መጨረሻው ወደፊት ተስቦ ነው። አብዱልባሲጥን ታውቂዋለሽ። እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍቶት እንኳ ጉልበቱ መሪውን ይነካ ነበር።

በማግስቱ ነው የደወልኩልሽ።

ሐሙስ ሂሻም ራሱ መጣ። ለምን እንደደወልኩ ሊያውቅ ፈልጎ ይመስለኛል። ለሰልዋ ሙዝ ይዞላት መጥቷል፤ እንደ ሁሌውም ትሁት ነው። ይህቺን ቆርቆሮ ምን ታደክምሃለህ፣ ለብረት አቅላጮች ስጣት አለኝ። ልጨርሳት ነው፣ እስቲ ገብተህ መሪዋን ያዛት አልኩት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም። ወንበሩን እንደነበረበት ወደፊት ስቤ ነበር ያሠርኩት። ገባ፤ እግሩ ፔዳሉ ላይ ልክ አረፈ፤ ወንበሩን ወደ የትም አላንቀሳቀሰም። ባትሪውን አገናኘሁ። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ቀበቶ ሳያስር ሲቀር የምትበራ ቀይ መብራት አለች። በራች። ጋቢናው ላይ ማንም የለም፤ ወንበሩን ያለ አዲስ ልብስ እንዲሁ መልሼው ነበር። ሽቦው ረጥቦ ይሆናል ልል አፌን ስከፍት ሂሻም መብራቷን እያየ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ፣ አላሰረም ነበር አለ።

ማን አልኩት።

ወጣ። በሩንም አልዘጋም። በሾፌሩ በኩል የገባ ሰው ነው፤ ወለሉ ደረቅ ነበር። ግቢውን አቋርጦ ሲሄድ ግን ሲሚንቶው ላይ የጫማው እርጥበት እስከ ውጪው በር ድረስ ይታይ ነበር። ሰልዋም ከመስኮት አይታዋለች።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ወደ ሐርቡ ወረድኩ። ከቦርከና ወንዝ ዳር ያሉትን ሰዎች እያቆምኩ በ2010 ነሐሴ ወንዙ ያመጣው ነገር ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ኡሙሰልማ ወደሚባሉ አሮጊት መሩኝ። መኪና አይተው እንደሆነ ነበር የጠየቅኳቸው። መኪና አላየንም፣ ሰው ግን አንስተናል አሉኝ። ማንም የማያውቀው ሰው። አጥበው፣ ሰግደውበት፣ ከማሳቸው ጫፍ ቀብረውታል። በጣም ረጅም ስለነበር መገነዣው ከፈን አልበቃ ብሏቸው እሳቸው ነጠላቸውን ጨምረውበታል። አብዱልባሲጥ ቀኝ ቅንድቡ ላይ ስለነበረው የተሰፋ ጠባሳ እኔ አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ሦስት ጁምዓ በመስጊድ አስነግረን ነበር፣ የሚፈልገው ሰው ግን አልመጣም፤ ቤተሰብ የሌለው ምስኪን ነው ብለን ዱዓ አደረግንለት አሉ። እኛ እኮ ያን ጊዜ ጅቡቲ ሄዷል ነው የምንለው። ማን ይፈልገዋል?

እታለም፣ አሁን የእኔን ልንገርሽ።

ያን ነሐሴ ሂሻም ቁልፉን አምጥቶ፣ አብዱልባሲጥ በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ሄዷል፣ አትጠብቂኝ ብሎሻል፣ መኪናዋም ተበላሽታ ስለቆመች ጎትቼ አመጣሁልሽ ያለሽ ቀን፣ አንቺ ውስጥ ስታለቅሺ እኔ ሸራ ላለብሳት ወጣሁ። በሯን ከፍቼ ነበር። ወንዝ ወንዝ ሸተተኝ። ወንበሩ ላይ እጄን ባሳርፍ ረጠበ። ዘጋሁትና ሸራውን አለበስኩ። ለምን አልጠየቅክም ብትይኝ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ባልሽ በሰው ፊት ሰድቦኝ ነበርና ትቶሽ ሄደ ሲባል ደስ አለኝ። ይኸው ነው። ስድስት ዓመት እርገሚው፣ እርሺው ያልኩሽ እኔ ነኝ። ቃዲው ዘንድ ባልሽ ጠፍቷል ብዬ የመሰከርኩልሽ እኔ ነኝ። ሂሻምን አግቢው፣ ከእሱ የተሻለ አታገኚም ያልኩሽም እኔ ነኝ። በጦርነቱ ጊዜ ሙናን ቀኑን ሙሉ አዝሎ ያሸሻት እሱ መሆኑ ውሸት አይደለም። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ አቅቶኝ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

ቅዳሜ ሂሻም ደወለልኝ። ሲያለቅስ ብዙ ቆየ። እኔ ነበርኩ የምነዳው፣ ወንዙ ጥልቅ አይመስልም ነበር አለኝ። በመስኮት ወጥቼ ድንጋይ ላይ ቆምኩ፣ እጁን ይዤው ነበር አለኝ። ከዚያስ አልኩት። እጁን ይዤው ነበር ብሎ ደገመው። አመለጠህ ወይስ ለቀቅከው ብዬ ጠየቅኩት።  ታዲያ ጅቡቲን ምን አመጣው፣ እህቴን ያን ጊዜም ታስባት ነበር ወይ አልኩት። ስልኩን ዘጋው። ያላለውን እኔ ልጨምርበት አልችልም። አላህ የሁለታችንንም ልብ ያውቃል።

መኪናዋን አልሸጥኩም። ደረቀችልሽም አልልሽም። የጋቢናውን የወለል ማፍሰሻ ከፍቼ ትቼዋለሁ፤ ውሃው የሚሄድበት ይኑረው ብዬ። ከዚህ በላይ የማውቀው ጥገና የለም።

ሐሙስ ከአጎታችን ጋር እመጣለሁ፤ ኢንሻአላህ ወደ ሐርቡ አብረን እንወርዳለን። እስከዚያ ሰልዋ አንቺ ዘንድ ትደር። ለሙና አሁን ምንም አትንገሪያት። ሂናውን አትቀቢ። አባባ ያረፈ ጊዜ እማ ለሐዘን ቤቷ የተቀመጠችውን አራት ወር ከአስር ቀን ታስታውሻለሽ? ሸሆቹ የአንቺው ቀን ዱሮ አልፏል ይሉሽ ይሆናል፤ እንደ ሕጉ ልክ ናቸው። አንቺ ግን አልተቀመጥሽም። እንድትቀመጪ ማናችንም አልፈቀድንልሽም። ተቀመጪ፣ እታለም። ለእሁዱ ኒካህ የተጠራውን ሰው አትምጡ የምለው እኔ ነኝ።

አላህ ሶብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ። ልብሽን ያጽናልሽ፣ ሙናን ያሳድግልሽ፣ ቤትሽን ከክፉ ይጠብቅልሽ። እኔንም አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፤ ዛሬ ካልሆነልሽ እጠብቃለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ