በመርከብ መጠገኛው ግንብ ላይ ስሜን አገኘሁት

ነሐሴ 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

ውድ ወንድም ዓለም ደጅይጥኑ፣

እንደምን አለህ ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት። ተዝካሩን የበሉለትን ሰው በምን ሰላምታ እንደሚጀምሩለት ማንም አላስተማረኝም። ወለተ ገብርኤል ነኝ፣ እህትህ። ባሕር ኃይል ልትገባ ከሰቆጣ ስትወጣ እግርህን ይዤ አልለቅም ያልኩት።

አሁን አረብ አገር ሰው ቤት እሠራለሁ። ማዳም ለዕረፍት ወደዚህ ደሴት ስትመጣ ልጆቿን እንድጠብቅ ይዛኝ መጣች። ዛሬ ጠዋት ‹የጥንቱን የጦር መርከብ መጠገኛ እንይ› ተባለ። እኔ መርከብ ምኔ ነው? ወንድሜን የበላብኝ ነገር! ግን የሰው ቤት ሠራተኛ አልሄድም አትልም፤ ተከትዬ ገባሁ።

ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ኮኮናቱ ሥር መድፎች ተጋድመዋል፤ መልሕቁ ከቤታችን ምሰሶ ይወፍራል። የገመድ ማስቀመጫ የነበረው ግንብ ቤት ግድግዳው ባሕረኞች በሚስማር በጫሩት ስም ተሞልቷል። ልጆቹ የአረብኛ ስም ሲፈልጉ እኔ የአገሬን ፊደል አየሁ።

«ቄስ ይርዳው። ወለተ ሚካኤል። ወለተ ገብርኤል። ሰቆጣ፣ በ77 ድርቅ ያለቁ ቤተሰቦቼ። ነፍስ ይማር። ደጅይጥኑ፣ 1991።»

እዚያው ቁጭ አልኩ። የራስን ስም ከነፍስ ይማር ጋር ማንበብ ምን እንደሚመስል ለጠላቴም አልመኝም። ቀጥሎ ዓመተ ምሕረቱ ታየኝ፤ 91። እኛ ተዝካርህን ያወጣነው በ84 ነው! ከምፅዋ የተመለሰ ባሕረኛ «መርከቡ ሲሰጥም በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎን፣ አባባ በሬ ሸጠው ደግሰው፣ ካህናቱ ፈትተውህ። አንተ ደግሞ በ77 ቤታችን ተዘግቶ ሲያዩ አልቀዋል ብለው የነገሩህ ይመስለኛል። አላለቅንም እኮ፤ እህል ፍለጋ ኮረም ወርደን ነበር። ስንመለስ መንገዱ በጦርነት ተዘጋ፤ ደብዳቤ ማን ያድርስ?

የግቢው ዘበኛ አረብኛ ይሞክራል። ያንን ጽሑፍ የጻፈውን ታውቀዋለህ ወይ አልኩት።

«የጭነት መርከብ ሠራተኛው? በየዓመቱ ኅዳር ላይ ይመጣል። ዳቦ ቆርሶ ለሁላችንም ያድላል፤ ያለቅሳል፤ ይሄዳል» አለኝ።

ዳቦ! ወይ ወንድሜ፣ ለካ አንተም በባዕድ ዘበኞች መሀል የኛን ተዝካር እያወጣህ ኖረሃል! እያለቀስኩ ሳቅ መጣብኝ፤ ማዳም ያበድኩ መስሏት ውሃ ሰጠችኝ።

በስልኳ ሰቆጣ ደወልኩ። እማዬ አላመነችኝም።

«አንች ልጅ፣ ምን ነካሽ? ጠላ ጠምቄ፣ ካህን አብልቸ የሸኘሁትን ልጅ አለ ትይኛለሽ?»

«በየዓመቱ ላንቺ ዳቦ ይቆርሳል እማዬ። የሞትሽ መስሎት ነው።»

«ነጠላየን አቀብሉኝ!» ስትል ሰማኋት። «ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ስሙን ከሙታኑ ጸሎት ያውጡልኝ፤ ካሁን ወዲያ ልጄን ከሙታን ጋር የሚጠራ ቄስ ከኔ ጋር ይጣላል።»

ወንድም ዓለም፣ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗም ደክሟል። ይህን ደብዳቤ ለዘበኛው እሰጠዋለሁ፤ እኛ ነገ እንሄዳለን። ኅዳር ላይ ስትመጣ ዳቦውን ተወውና በመጀመሪያው አውሮፕላን ግባ። እኔም ኮንትራቴ ጥር ላይ ያልቃል፤ እዚያው ሰቆጣ መጥቼ አገኝሃለሁ።

አንድ ነገር አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ። ዘበኛው ፊቱን ሲያዞርልኝ በፀጉር መርፌዬ ግድግዳህን ጫርኩት። ከእማዬ ስም አጠገብ «አለች» ብዬ ጻፍኩ። ከእኔም አጠገብ «አለሁ»።

የአባባን ግን አልነካሁትም። ያረፉት በ77 አይደለም፤ አምና ነው። እስከ መጨረሻው ቅዳሴያቸው ድረስ ስምህን ከሙታን ጋር ሲጠሩ ድምፃቸው ይሰበር ነበር።

ያልሞተችው እህትህ፣
ወለተ ገብርኤል ይርዳው