ከተራራው ሥር ማረፊያ

ሌዊስቪል፣ ቴክሳስ
ቅዳሜ፣ ሜይ 17 ቀን 2025

ለምወድሽ ልጄ ለሔራን፣

ሔሩዬ፣ እንዴት ከረምሽልኝ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። አባትሽም ደህና ነው። ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ይጮኻል፤ እሱ ግን የሚጮኸው ደረጃው ነው ይላል።

በእጄ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ስልክ ላይ ነገሬን ሳልጨርስ «ኦኬ ማሚ» ትይኛለሽ። ቴክስት ሳደርግልሽ አውራ ጣት ትልኪልኛለሽ። ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ከአውራ ጣት ጋር ማውራት አይቻልም። አማርኛ ስታነቢ ደግሞ ቀስ ብለሽ ነው፤ ፊደሉን በጣትሽ እየተከተልሽ፣ ከንፈርሽን እያንቀሳቀስሽ፣ ልክ በቤተ ክርስቲያን የቅዳሜ ክፍል እንደነበረው። ይህን እንደዚያ አንብቢልኝ።

የምጽፈው ሥራ ቦታ፣ ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ነው። የምሳ ሰዓቴ ነው። የምንከባከባቸው አሮጊቶች በልተው ጋደም ብለዋል። መስኮት ብከፍት ሙቀት፣ ብዘጋ ሙቀት። ገና ሜይ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ተራራ መጻፍ ራሱ ያበርዳል።

ዕቅዱ እንዲህ ነው። ሐሙስ ጁን 26 አባትሽ ኤርፖርት የሻትል አውቶቡስ ፈረቃውን እንደጨረሰ እንነሳለን። አማሪሎ እናድራለን። ዓርብ በራቶን ተራራ መተላለፊያ በኩል ወደ ኮሎራዶ እንገባና የአሸዋውን ፓርክ እናያለን። ተራራ የሚያህል አሸዋ፣ ከኋላው ደግሞ በረዶ ያለበት ተራራ፤ ፎቶውን አይቼ አላመንኩም። እዚያው አካባቢ አድረን ቅዳሜ አንቺ ጋ።

አንቺ ጋ ብዬ ጻፍኩ። ኤስቴስ ፓርክ ከተማ ማለቴ ነው።

አባትሽ የወረቀት ካርታ ገዝቶ ፍሪጁ ላይ ለጥፏል። ስልክ እያለ ካርታ ለምን ስለው «ተራራ ላይ ሲግናል ሲጠፋ ታመሰግኚኛለሽ» አለኝ። ከሥራ ሲመለስ ያንን በደመና መሃል የሚያልፈውን የምትሠሪበትን ፓርክ መንገድ ቪዲዮ ይከፍታል። ሌላ ሰው ነው የሚነዳው፤ ግን ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ የአባትሽ እግር ምንጣፉን ይረግጣል። ያውቀዋል ወይ? አያውቀውም። ስስቅ «ምን ያስቅሻል?» ይለኛል።

ደስ ብሎታል ሔሩዬ። ይህን እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ። ሌላውን ከመጻፌ በፊት።

ባለፈው ሳምንት እንደምንመጣ ስነግርሽ መጀመሪያ ጮኽሽ። የደስታ ጩኸት ነበር፣ አልተጠራጠርኩም። ከዚያ «ሶ ማሚ፣ የት ነው ስቴይ የምታደርጉት?» አልሽኝ።

ሆቴል እያየን ነው አልኩሽ። እያየን አልነበረም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሆቴል የሚባል ነገር በሐሳቤ አልመጣም።

አሜሪካኖቹ እንዲህ ይጠያየቃሉ፣ ክፋት የለውም፣ እዚህ ነው ያደገችው፤ እንዲህ እያልኩ ለራሴ ስነግረው ዋልኩ። ሥራ ላይ የአንዲቷን አሮጊት ካልሲ እያለበስኩ ነገርኩት። ግሮሰሪ ቲማቲም እየመረጥኩ ነገርኩት። ግን አንድ ወላጅ ልጁ ባለችበት ከተማ የት እንደሚያርፍ ተጠይቆ ያውቃል? አንቺ ዴንተን ስትማሪ ከአትላንታ የመጣው የአክስትሽ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሆቴል ያዘ ተብሎ አባትሽ ምን እንዳደረገ ታስታውሻለሽ። ሄዶ ሻንጣውን ከሆቴሉ አውጥቶ መኪናው ላይ ጫነው። ልጁ ሻወር እየወሰደ ነበር።

እና ፈራሁ። አልወደደችንም ብዬ አይደለም። እሱን አልፈራም።

እዚህ ላይ የምሳ ሰዓቴ አለቀ።

አሁን ቤት ነኝ። አባትሽ ውጭ የመኪናውን ጎማ እየተመለከተ ነው። ትናንትም አይቶት ነበር።

ያቆምኩት ፈራሁ ያልኩበት ላይ ነው። በግልጽ ልጻፈው። ፋሲካ ማግስት ስንደዋወል አንቺ ሶፋ ላይ ተጋድመሽ ነበር፤ ተጋድመሽ ስታወሪ ድምፅሽ ይወፍራል፣ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከበስተኋላሽ ውኃ ይወርድ ነበር። ሳህን ከሳህን ይጋጭ ነበር። ምንድን ነው ስልሽ «ቲቪ ነው ማሚ» አልሽኝ። እሺ አልኩ። ውኃው ቆመ። ቁምሳጥን ተከፈተ፣ ተዘጋ። ቀስ ብሎ ነው የዘጋው፣ እንዳይረብሽሽ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ነገር ማሰብ ነበረብኝ። እናት ነኝ፣ አማኝ ነኝ፤ ባልሽ ያልሆነ ሰው ቤትሽ ውስጥ ካለ ማዘን ነበረብኝ። አዝኛለሁም። ግን መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ አይደለም። መጀመሪያ የመጣልኝ፣ ልጄ ደክሟት ስትተኛ ሳህኗን የሚያጥብላት ሰው አለ የሚለው ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለጌታም በቀጥታ አልተናገርኩም።

አባትሽ ግን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። እሑድ እሑድ መድረክ አጠገብ ይቀመጣል። የሌላ ሰው ልጅ እንዲህ ሲሆን ተጠርቶ የሚመክረው እሱ ነው። በሩን ከፍቶ የማያውቀውን ሰው ጫማ ቢያይ ምን ይላል? አይጮኽም፣ ታውቂዋለሽ። ዝም ይላል። ዝም ብሎ ካርታውን አጥፎ «ሰብልዬ፣ እንሂድ» ይለኛል፤ ከዚያ አንቺም ስልክ ማንሳት ታቆሚያለሽ፣ እኔ በመሃል እቀራለሁ። ይህን ነው የምፈራው። ከዚህ ሌላ የምፈራው ነገር የለኝም።

ስለዚህ ምክንያት ፈለግኩ። ከፍታ። አባትሽ የደም ግፊት አለበት፤ ያንቺ ቤት ከከተማው በላይ ነው፤ ስለዚህ ታች ሆቴል ቢያድር ይሻለዋል። አንቺም አትጨነቂም፣ እሱም አያይም። ጥሩ ምክንያት መሰለኝ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ጋሽ ጉግሳ ነበሩ። ታውቂያቸዋለሽ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትራክ ነድተው ጡረታ የወጡት። የራቶንን ቁልቁለት ለአባትሽ እያስረዱት ነው።

«ፍሬን ላይ አትተኛ። ማርሹን ዝቅ አድርገህ በሞተሩ ያዘው። ፍሬን ከሸተተህ አልቆልሃል።»

«ገባኝ ጋሼ።»

«አልገባህም። አንተ የለመድከው ከተርሚናል ተርሚናል ነው፤ እዚያ ቁልቁለት የለም። ልጅቱስ እንዴት ናት? ፖሊስ ሆነች ያሉት እውነት ነው?»

«ፖሊስ አይደለችም። የፓርኩ በር ላይ ናት። ኮፍያዋን አላዩትም?»

«አየሁት። ጫካ ጠባቂ ናታ!»

«የፌደራል መንግሥት ናት» አለ አባትሽ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ይኼኔ ገባሁበት። «ከፍታው ነው እንጂ ያሳሰበኝ፣ ለታፌ ደም ግፊት። ከታች ሆቴል እንይዛለን ብዬ ነው» አልኩ።

ጋሽ ጉግሳ ዞረው አዩኝ። «ሆቴል? ልጃችሁ ባለችበት ከተማ?»

«ከፍታ?» አለ አባትሽ። «ማን? እኔ? በቆጂ ያደግኩት ሰውዬ? ስሚ ሰብልዬ፣ አይቼዋለሁ፤ ኤስቴስ ፓርክ ማለት በከፍታ አዲስ አበባ ማለት ነው። የሔራን ቤት ቢበዛ ሽሮ ሜዳ ነው። ሽሮ ሜዳ ለመውጣት ሐኪም ላማክር?»

«በቆጂማ ሯጭ የሚያበቅል አገር ነው» አሉ ጋሽ ጉግሳ። «አንተን ምን ነክቶህ እንደሆነ አላውቅም እንጂ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ምክንያቴ እዚያው አስፋልቱ ላይ ቀረ።

መኪና ውስጥ ስንገባ አባትሽ ሞተሩን አስነስቶ ሳይነዳ ቆየ። ኤሲው እስኪበርድ ነው መሰለኝ። «ሆቴል ያልሽው ከልብሽ ነው?» አለኝ። ከልቤ ነው አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም።

ከዚያ ረቡዕ መጣ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ረቡዕ ነው፤ የቀረው ሁሉ ወደዚህ መምጫ ነው።

ከሥራ መጥቼ ሶፋው ላይ ተቀምጬ በስልኬ ሆቴሉን ያዝኩ። ሐይቁ አጠገብ ያለውን፣ እነዚያ ትልልቅ አጋዘኖች ግቢው ድረስ ይገባሉ ያልሽኝን። ምግብ ቤቱ ደግሞ ቅዳሜ ምሳ ስለሚሞላ አስቀድሞ ጠረጴዛ መያዝ አለበት። ስንት ሰው ናችሁ ይላል። ሦስት አልኩ። እኔ፣ አባትሽ፣ አንቺ። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ ያልኩት።

አባትሽ ጀርባውን ሰጥቶኝ ፍሪጁ ጋ ቆሞ ካርታውን እያየ ነበር።

«አራት በይ» አለ።

አልሰማሁም መሰለኝ። «ምን?»

«አራት በይው።»

«አራተኛው ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንቺ ታውቂ እንደሆነ።»

እጄ ስልኩ ላይ ቀረ። እሱ አልዞረም። ጣቱ ካርታው ላይ ነው፣ አማሪሎ አካባቢ።

«ታፌ» አልኩት።

«ጃንዋሪ ላይ በረዶ ጣለ ብላ ፎቶ የላከችልን ጊዜ፣ መኪናዋ ድረስ መንገዱ ተጠርጎ አላየሽም? ግራና ቀኙ እንደ ግድግዳ ተቆልሎ? ማን ጠረገው?»

«እሷ ትሆናለቻ።»

«ሔራን? አካፋ ይዛ?» ያኔ ዞረ። «የኛ ሔራን?»

ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ፣ የትኛው እንደቀደመ እንጃ። እሱ ግን አልሳቀም። መጥቶ የሶፋው ክንድ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱን ያሻል።

«አልተዋጠልኝም» አለ። «እንዳይመስልሽ። ሌላ ሰው ቢሆን ጠርቼ ምን እንደምለው ታውቂያለሽ። ከጃንዋሪ ጀምሮ እየጸለይኩበት ነው፤ እስካሁን አልተዋጠልኝም።» ጉልበቱን ማሸቱን ተወ። «ግን ወንበሩ ይኑር።»

አራት ብዬ ያዝኩ።

ማታውኑ ጋሽ ጉግሳ ስለ ጎማ አየር ሊነግሩት ደወሉ። በስፒከር ነበር። «እና ሆቴሉን ተዋችሁት?» አሉት። አባትሽ አየኝ። «አይ፣ ይዘናል» አለ። «ለካ ከፍታ ለኔ አይሆንም ጋሼ። ሐኪሙም አልወደደው።» ጋሽ ጉግሳ እንዴት እንደሳቁበት ልነግርሽ አልችልም። በቆጂ ተዋረደች አሉ፣ ከእንግዲህ ሯጮቹ ፓስፖርት ይነጠቁ አሉ። እሱ ዝም ብሎ ሰማቸው። አንድም አልመለሰም። አባትሽ ስለ በቆጂ ሲነኩት ዝም ሲል ሃያ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ አላየሁም።

እንግዲህ ሔሩዬ፣ ምንም ንገሪኝ አልልሽም። በስልክም አልጠይቅሽም። ቅዳሜ ጁን 28 ሐይቁ አጠገብ አራት ወንበር አለ። አንደኛው ባዶ ከሆነም እንበላለን፣ እንስቃለን፣ ከሰዓት ፓርክሽን ታሳይናለሽ። ማንም ምንም አይልሽም። ግን አባትሽ ወንበሩን እያየ እንደሚበላ እወቂ።

ባዶ ካልሆነ ደግሞ ለሚቀመጥበት ሰው አስቀድመሽ ንገሪው። አባትሽ መጀመሪያ ላይ የሚያወራው ስለ መንገዱ ብቻ ነው፤ ስለ ራቶን፣ ስለ ማርሽ። አይቸኩል። ይጠይቀው፣ ያዳምጠው። አባትሽን እንግሊዝኛው ሲከብደው አንቺ አታርሚው፤ ራሱ ያገኘዋል። እጁን ሲጨብጥ ረዘም አድርጎ ከያዘው አይደንግጥ። አባትሽ ሰው ሊያውቅ ሲፈልግ እንደዚያ ነው።

እኔ ደግሞ የምፈልገው ከተራራው ሁሉ አንድ ነገር ነው፤ ቤትሽን ከውስጥ ማየት። ለማደር አይደለም። ገብቼ ትንሽ ልቀመጥ፣ መስኮትሽ ወደ የት እንደሚያይ ልወቅ። እዚህ ሆኜ ስለ አንቺ ሳስብ የማስቀምጥሽ ቦታ የለኝም። ስንመጣ ቤቱን ለኛ ብለሽ አታስተካክዪው። የማንንም ጫማ አትደብቂ።

የሠራዊት ጌታ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅ። ቤትሽን የሰላም ቤት ያድርገው። በዚያ በረዶ አካፋ የያዘውንም እጅ ይባርክ።

በናፍቆት፣
እናትሽ ሰብለወርቅ

በአውቶቡስ እንደሚሄድ ሰው ምግብ አትያዢ ብሎኛል አባትሽ፤ እኔ ግን ማቀዝቀዣ ሳጥኑን አዘጋጅቻለሁ፣ ዶሮ ሠርቼ እመጣለሁ። በርበሬውን እንዴት እንደማደርገው አላወቅኩም። ይችላል?