የተንጠለጠለው አንቀልባ

ይድረስ በሁመራ እርሻ ለሚገኘው ባለቤቴ ለደምሌ። ከተለያየን ወዲህ ጤናህ እንደምን ሰንብቷል? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሽበት ጣል ጣል አድርጎብኛል እንጂ።

ገብሱ ዘንድሮ አምሯል። «በሰው በሬ እያረስን ልጅ አንወልድም» ብለህ ጥማድ በሬ ፍለጋ የወጣህ ሰሞን ያለፋሁት አንቀልባ አሁንም ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል። ቆዳው እንዳይደርቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤ እቀባዋለሁ። ሰሞኑን ሳወርደው ግን ልጅ አሁን ከላዩ የወረደ ይመስል ይሞቃል።

ይህን የሚጽፉልኝ የኔታ ብዕራቸውን አቁመው «ማነው የሚያለቅሰው?» አሉኝ። «ንፋስ ነው» አልኳቸው።

በሬዎችህን እየነዳህ በሰላም ያግባህ። ስትደርስ ግን ከደጅ ሆነህ አትጣራ፤ ገና አሁን መተኛቱ ነው።

ሚስትህ ፈትለወርቅ፤ ከእስቴ፣ ጥቅምት 1958 ዓ.ም.