ስለ መስኮቷ ሴት የተከራከርን ዕለት

ማክሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድህና ሁልጊዜ ለምትናፍቀኝ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከዚህች ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሷም ብትሆን የምታስቸግረኝ ደረጃ ስወጣ ብቻ ስለሆነ፣ ደረጃ ያለበት ቤት አለመሄድ ነው መድኃኒቱ። ብርዱ ለቀቅ አድርጎናል። የበሩን ማጠፊያ አናጢው አስተካክሎልኛል፤ አሁን ሲከፈት አያቃስትም፤ በዚህ ቤት የማቃስት እኔ ብቻ ቀረሁ።

ባለፈው ስትደውል «ሚስቴ ስልኬን ለምን አታነሳም?» ብለህ ጠየቅኸኝ። «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» አልኩህ። በስልክ የሚነገር ነገር አልነበረም። አንተ ትቸኩላለህ፤ እኔ ደግሞ ድምፅህን ስሰማ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል። ስለዚህ ተቀምጬ ልጽፍልህ ወሰንኩ። እጄ መርፌ እንጂ እስክሪብቶ አልለመደም፤ ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሠኝ። ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

መጽሐፍ አከራዩን ታስታውሰዋለህ፤ ሚስትህ ከምትሠራበት ፋርማሲ አጠገብ ያለችው ጠባብ ሱቅ የሱ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል እንሰበሰባለን። ሁላችንም አንድ ልብ ወለድ እናነብና እስከ ደረስንበት ድረስ እንጨቃጨቅበታለን። እኔ እንኳ አላነብም፤ ያለችኝን ዓይን ለስፌት ቆጥቤ ነው የምይዛት። ሚስትህ ከሥራ ስትመለስ ታነብልኛለች፣ እኔ እሰፋለሁ። የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እየገለበጥኩ ስንቱን ድሬ ስንቱን ቀብሬአለሁ መሰለህ።

ብዙ አይደለንም። አከራዩ ራሱ አለ። አዋላጇ አለች፤ ምላሷ ከመቀሷ የተሳለ ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር አለ፤ እሱ ገጸ ባሕርይ ሁሉ መስመሩን ሳይለቅ እንዲሄድለት ነው የሚፈልገው። ፀጉር አስተካካዩም አለ፤ «መጨረሻዬ» ነው የምንለው። መጽሐፍ ሲከራይ የመጨረሻውን ገጽ ሳያነብ ከሱቁ አይወጣም፤ ከዚያ አፉ ያመልጠውና የሰው ንባብ ያበላሻል። አንድ ጊዜ አዋላጇ በገዛ ፎጣው አፉን አፍናዋለች።

ሚስትህ ግን ከጎኔ ተቀምጣ ታዳምጣለች እንጂ አትናገርም ነበር። ስትጠየቅ «ጥሩ ነው» ትላለች። ሁሉም መጽሐፍ ለሷ ጥሩ ነበር።

አሁን የያዝነው ልብ ወለድ ባሏ የመርከብ ሥራ ይዞ ርቆ ስለሄደባት ሴት ነው። ሴትዮዋ በየቀኑ መስኮት ሥር ተቀምጣ መንገድ መንገዱን ታያለች። አማቷ አብራት ትኖራለች። ደግ ናት፤ ፀጉሯን ታበጥርላታለች፣ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» ትላታለች። የከተማው ሰው ሁሉ «እንደሷ ያለች ሴት አልተፈጠረችም» ይላል። ዓመት በዓመት ላይ ይከመራል። ስሟ ረጅም ስለሆነብን «የመስኮቷ ሴት» አልናት።

እኩሌታውን እንዳነበብን ነው አብሮህ የሚሠራው ልጅ ለእረፍት መጥቶ የላክኸውን ዕቃ ያደረሰልን። ሹራቡ ልክ ሆኖኛል፤ ተባረክ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ነው የገባው። ሚስትህ ሻይ አፈላችለት። ስላንተ በጥያቄ አጣደፍነው። ከሳ? አልከሳም። ያ ሳሉ ለቀቀው? ለቆታል። ከዚያ ሚስትህ «ቤቱስ እንዴት ነው? ጠባብ ነው ይለን ነበር» አለችው።

«ኧረ አሁንማ ሰፊ ነው» አለ ልጁ። «ሕፃኑ እንደ ልቡ ይሯሯጥበታል።»

ብርጭቆው አፉ ጋ ሳይደርስ ቀረ። እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«የጎረቤት ሕፃን ነው» አለ። «ወላጆቹ ሥራ ስለሚውሉ እሱ ጋ እያመጡ ይተዉታል።»

«ሕፃን ለቤት ደስ ይላል» አለች ሚስትህ። ስኳሩን አቀረበችለት። «ስሙ ማን ነው?»

ምስኪን፣ ውሸት አልለመደም፤ ሌላ ስም ቶሎ አልመጣለትም። ነገራት። የነገራት ስም የአባትህ ስም ነው።

አንድ ስም ለብዙ ሰው ይወጣል፤ ዓለም ሰፊ ነው። የጎረቤት ነው አለ፤ እኔም የጎረቤት ነው ብዬ ተቀብያለሁ። ሚስትህ ልጁን እስከ ውጭ በር ሸኘችው። ተመልሳ ብርጭቆዎቹን አጠበች፣ አደረቀች፤ ከዚያ እንደገና አጠበቻቸው። «ንጹሕ ናቸውኮ» አላልኳትም።

በማግስቱ መጽሐፉን አውጥታ «የት ጋ ነበርን?» አለችኝና ማንበቧን ቀጠለች። ድምፅዋ አልተለወጠም። እኔ ግን የያዝኩትን ኮሌታ ደጋግሜ ፈታሁት።

ቅዳሜ ደረሰና ሄድን። አከራዩ «እህ፣ ሴትዮዋን እንዴት አገኛችኋት?» ከማለቱ ሾፌሩ ቀደመ። «ሴት ማለት እሷ ናት! ዛሬ እንዲህ ያለች ተፈልጋ አትገኝም።»

«ደራሲው ወንድ ስለሆነ ነው» አለች አዋላጇ። «እሷን ወንበር ላይ አስቀምጦ ባሏን ዓለም ያዞራል። እስቲ አንድ ቀን እንኳ ወገቧን እንዳመማት ይጻፍ!»

«መጨረሻው ላይኮ…» ብሎ መጨረሻዬ ሲጀምር «ዝም በል!» ብለን ጮኽንበት። ሳቅ ሆነ። ሚስትህ የተናገረችው ያኔ ነው።

«እኔ ይህን መጽሐፍ አልወደድኩትም።»

ሳቁ ቀጥ አለ። አከራዩ መነጽሩን አወለቀ። «ምኑን ጠላሽው?»

«ሁሉም ያመሰግናታል» አለች። «ዳቦ ሻጩ ያመሰግናታል፣ ጎረቤቱ ያመሰግናታል። ምን እንደምትፈልግ የጠየቃት ግን አንድም ሰው የለም። ደራሲውም አልጠየቃትም። መስኮቱ ሥር ያስቀመጣት ባሏ አይደለም፤ ምስጋናው ነው። ብትነሳ ሁሉም ሊቀየማት ነው።»

ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ማጽናናቱ ነበር። «አይዞሽ ልጄ፣ ያንቺም ባል ይመጣል። የታገሠ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።»

«ስለ መጽሐፉ ነው የማወራው ጋሼ» አለችው፤ በትሕትና ነው ያለችው።

አዋላጇ ነገሩን ለማብረድ ብላ ወደኔ ዞረች። «እትዬ፣ እርስዎ አማቲቱን እንዴት አዩዋት? እኔ ከሁሉም እሷን ወድጃታለሁ። የዋህ ናት።»

ሁሉም ወዷታል። እኔም እስከዚያች ሰዓት ድረስ እወዳት ነበር። አፌን ስከፍት ግን ሌላ ነገር ወጣ።

«እኔ ፈራኋት» አልኩ። «ክፉ ብትሆን ልጅቱ ጥላት ትሄድ ነበር። ያሰራት ደግነቷ ነው። ልጇ እንደማይመለስ ከሁላችንም በፊት አውቃለች። ብቻዋን እንዳትቀር ብላ ነው ዝም ያለችው።»

ሚስትህ እጄን ከጭኔ ላይ አንስታ ያዘችው፤ ቤት እስክንገባም አልለቀቀችኝም።

እንግዲህ በሰው ፊት ያንን ከተናገርኩ በኋላ፣ እንደ ወትሮው ተቀምጬ «እስቲ አንብቢልኝ» ልላት አልቻልኩም። እሑድ ጠዋት ነጩን ጋውኗን ስትተኩስ አገኘኋት። ታላቅ እህቷ ባለችበት ከተማ ጥሩ ሥራ ተገኝቶላት «እማዬ ብቻዋን ትሆናለች» ብላ እንደተወችው አውቃለሁ። ለኔ አልነገረችኝም፤ እህቷ ናት የነገረችኝ።

«ያ ሥራ ሰው ገባበት?» አልኳት።

ካውያውን አቆመች። «የቱ ሥራ?»

«እህትሽ ጋ ያለው።»

«እማዬ… እያባረርሽኝ ነው?»

«ልጁን ማን ያባርራል? እየሸኘሁሽ ነው።»

ካውያውን ነቀለችና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ይህን ሁሉ ጊዜ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም፤ ለካ ድምፅ አላት። እኔ አላለቀስኩም፤ አንዳችን መቆም ነበረብን። ሲበርድላት «ለልጅሽ ምን ትይዋለሽ?» አለችኝ።

«የሆነውን።»

«እንዳትቆጪው» አለችኝ። ልብ በል፤ እሷ ናት እንዲህ ያለችኝ።

ሐሙስ ዕለት እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት። የያዘችው አንድ ሻንጣ ነው። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል አንገቷን አውጥታ «መጽሐፉን ሳንጨርሰው! ማን ያነብልሻል?» አለችኝ። «አዋላጇ» ብዬ ዋሸኋት። በየመስመሩ ደራሲውን የምትሳደብ ሴት እንዴት አድርጋ ታነብልኛለች?

አሁን የሰፈሩ ሰው ግማሹ «አማቷ አባረረቻት» ይላል፤ ግማሹ «ሌላ ወንድ ይዛ ነው» ይላል። ሁለተኛውን ለሚያወራ መልስ እሰጠዋለሁ። የመጀመሪያውን ለሚያወራ ዝም ነው፤ እኔን ቢያሙኝ ይሻላታል። ባለፈው ቅዳሜ ብቻዬን ስገባ ሾፌሩ ሰላምታ ነሳኝ። ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ «ሰው የልጁን ቤት በገዛ እጁ ያፈርሳል?» አለ።

«ቤቱማ ከፈረሰ ቆይቷል ወንድሜ» አልኩት። «እኔ ከሥሩ ሰው ነው ያወጣሁት።»

በሰው ፊት እንዲህ እላለሁ፤ ቤት ስገባ ግን ሌላ ነኝ። ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ለቀኑ የሚበቃኝን መርፌ ሁሉ ክር እያስገባች ትታልኝ ትሄድ ነበር። የሄደች ዕለትም የመርፌ ትራሴን ሙሉ ሰክታልኝ ነው የሄደችው፤ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር። ክሩን እየቆጠብኩ፣ ስፌቴን እያሳጠርኩ ቆየሁ። ትናንት የመጨረሻዋ አለቀችብኝ። ከዚያ ወዲያ አልሰፋሁም።

ልጄ፣ ይህን የምጽፍልህ እንድትቆጣት አይደለም። መቆጣት ካማረህ እኔ አለሁልህ፤ እናት ለዚህም ናት። «ተመለሺ» ብለህ ግን አትደውልላት። ከደወልክላት ከሌላ ሰው አፍ የሰማችውን ካንተ አፍ ትስማው፤ ይህን ያህል ይገባታል። ከዚያ በሰላም አሰናብታት። እሷ ያንተ ሚስት ባትሆንም የኔ ልጅ መሆኗ አይቀርም፤ እሱ በፍርድ ቤት አይፈርስም።

አንተን ምንም አልጠየቅኩህም፤ አልጠይቅህምም። ደግሞም አልተቀየምኩህም። ተቀይሜ ነበር፤ እየጻፍኩ ሳለሁ የት እንደሄደ እንጃ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ። ለዚያ ለጎረቤትህ ሕፃን ሸሚዝ ልሰፋለት ብዬ ሰማያዊ ጨርቅ አውጥቻለሁ፤ ልኩን ሳላውቅ መቀስ ላሳርፍበት አልቻልኩም። ትከሻውን በአንድ ክር፣ ቁመቱን በሌላ ክር ለካና ክሮቹን ፖስታ ውስጥ አድርገህ ላክልኝ። ሲተኛ እጁን ከጉንጩ ሥር ያደርግ እንደሆነም ጻፍልኝ፤ አባትህ እንዲያ ነበር የሚተኛው። ስትለካው እናቱን አስፈቅዳት። ከማን እንደሆነ ብትጠይቅህ፣ እዚህ ያለች አንዲት ልብስ ሰፊ ናት በላት።

ፈጣሪ ከክፉ ነገር ይጠብቅህ። እንጀራህን ይባርክልህ፣ ደጅህን ሰላም ያድርግልህ። ጣራህ ሥር የሚያድሩት ሁሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ በጤና ይንጉ።

የምትወድህ እናትህ