ጸድቷል የተባለው ማርሚታ

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ገብረጻድቃን፣
ውቅሮ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሳሉስ ቀለል አለልዎ ወይስ ብርዱ ሲገባ መልሶ ተነሣብዎ? ጾሙን እንዴት ያዙት? እማዬ እንዴት ናት፣ የዓይኗ ጠብታ አልቆ ሌላ ተገዛላት? እህቴ ሉሊስ? ትንሿ ልጇ ሃበንስ፣ ጥርስ አወጣች? ሉሊ በስልክ «ሁሉም ደህና ነው» ትለኛለች፤ እሷ ግን ቤቱ ቢቃጠልም ደህና ነው የምትል ስለሆነች ከእርስዎ እጅ ካልመጣ አላምናትም። እኔና ምራትዎ ጽጌሬዳ በጤና አለን። ከናፍቆትዎ በቀር ምንም አልጎደለብኝም ብዬ ብቀጥል ደስ ባለኝ፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል፤ በዚህ ሰሞን ደግሞ ውሸት በዝቶብኛል።

ለሉሊ ነግሬያት እሷ በጆሮዎ እንድትጮህልዎ ማድረግ እችል ነበር። ነገሩ ግን በጩኸት የሚነገር አይደለም። ስለዚህ መነጽርዎን አድርገው፣ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ለብቻዎ ያንብቡልኝ። ለእሷ እኔ ራሴ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።

መኪናውን ይመለከታል። አይደንግጡ፤ አልተገለበጠም፣ ሰውም አልገጨሁም። እንዲያውም ይህን ደብዳቤ ስጽፍልዎ ግቢያችን በር ላይ በሰላም ቆሟል። ችግሩም ይኸው ነው፤ ቆሟል።

እርስዎ የድሮ መኪናዎን ሸጠው «የሰው መኪና ስትነዳ እንዳታረጅ፣ የራስህን ግዛ» ብለው ገንዘቡን ሲልኩልኝ፣ የያዝኩት የእርስዎን ዕድሜ መሰለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዱን ስተው አንዱን ሳነሣ ቆየሁ። በመጨረሻ ቴዎ የሚባል ደላላ ካዛንቺስ ወሰደኝ። ካዛንቺስ ስልዎ የሚያውቁት ካዛንቺስ እንዳይመስልዎ፤ እርስዎ መኪና ያቆሙበት የነበረው ሰፈር ፈርሶ ሰፊ መንገድ ሆኗል፣ እኔ ራሴ መታጠፊያው ጠፍቶብኝ ሁለት ጊዜ አለፍኩት። እዚያ አንድ አጥር ግቢ ውስጥ አምስት ቶን የሚጭን፣ ከውጭ አገልግሎ የገባ የናፍጣ መኪና ቆሟል። ጎማው ደህና ነው፣ ካምቢዮው ሳይንገጫገጭ ይገባል፣ ሊብሬው ላይ ምንም እንከን የለም። ሞተሩ ተከፍቶ ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ቴዎ ደረቱን እየመታ «ብራዘር፣ ሞተሩ አልተነካም፤ ማለቴ ፋብሪካው እንዳወጣው ነው። ማርሚታውን ብቻ አጽድተነዋል፣ በቃ» አለኝ። እኔም ጭስ የሚያልፍበትን ቆርቆሮ ሳይቀር የሚያጸዳ ባለቤት ንጽሕና የሚወድ ሰው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ እርስዎ ያስተማሩኝን አደረግሁ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ፣ ነጭ መሐረብ ጣቴ ላይ ጠቅልዬ፣ ጭስ ማውጫው ውስጥ አስገብቼ አዞርኩት። እርስዎ እንደሚሉት፣ እርጥብና ቅባታም ጥቀርሻ ከወጣ ሞተሩ ዘይት ይበላል፣ አይገዛም፤ ደረቅ ጥቁር ከወጣ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ወጣ። እንደ ኩል የጠቆረ፣ ቅባት የሚባል ያልነካው። እዚያው ተስማማሁ። ያንኑ መሐረብ አጥፌ በፖስታ ላክሁልዎ፤ እርስዎም ለጡረተኛ ሾፌር ጓደኞችዎ እያዞሩ «የልጄ ሞተር ይኸውላችሁ» እያሉ እንዳሳዩአቸው ሉሊ ነገረችኝ። ያን ጊዜ ኩራቴ ልክ አልነበረውም። አሁን ሳስታውሰው ፊቴ ይቃጠላል።

መኪናውን የማሳድረው በወይዘሮ ሸዋአየሁ መስኮት ሥር ነው። ያስታውሷቸዋል፤ እርስዎ እዚህ ቂርቆስ ሳሉ ጀምሮ አስም ያለባቸው ጎረቤታችን። በየጠዋቱ አስነሥቼ ሞተሩ እስኪሞቅ ጎማ ስነካካ፣ ስጠርግ እቆያለሁ። ሁለት ሳምንት ምንም አላሉኝም። ኅዳር ሚካኤል ዕለት ሰፈሩ እንደ ልማዱ ቆሻሻውን ሰብስቦ ሲያጥን፣ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው በር ላይ ብቅ አሉና «ተስፋለም፣ ኅዳር እኮ የሚታጠነው በዓመት አንዴ ነው፤ አንተ በየጠዋቱ ታጥነናለህ» አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሥራ በማግኘቴ ደስ እንዳላቸው፣ ነገር ግን መስኮታቸውን ከዘጉ ሁለት ሳምንት እንደሆናቸው ነገሩኝ። እጃቸው ውስጥ የአስም መርጫቸውን አየሁ። እሳቸው ደግሞ ማየቴን አይተው ወደ ነጠላቸው ሸጎጡት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ መስቀል ፍላወር ጋራዥ ያለው ሸምሰዲን ዘንድ ወሰድኩት። ቀጥተኛ ሰው ነው፣ ሥራ ለማብዛት የሚያወራ አይደለም። ከሥር ገብቶ ማርሚታውን በመፍቻ መታ መታ አደረገው። እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ። እኔንም ከሥር አስገባኝና እጄን ይዞ ተቆርጦ እንደገና የተበየደበትን ጠባሳ አስነካኝ። እንደነዚህ ያሉት አዳዲሶቹ የናፍጣ መኪኖች ማርሚታቸው ውስጥ ጥቀርሻውን የሚያስቀር እንደ ወንፊት ያለ ማጣሪያ አላቸው አለኝ። እየቆየ ሲደፈን መኪናው ጉልበት ያጣል፤ ማጽዳቱና መቀየሩ ያታክታል፤ ስለዚህ አንዳንዱ ሆዱን ቀዶ ሁሉን አውጥቶ ይጥልና ባዶውን መልሶ ይበይደዋል። ማጣሪያው የለም ብሎ የሚጮኸውን የዳሽቦርድ መብራትም በኮምፒውተር አፉን ያስዘጋዋል። እኔ ሞኙ ደግሞ ምንም መብራት አልበራም ብዬ ስደሰት ነበር።

«ጸድቷል ነው እኮ ያሉኝ» አልኩት።

«ልክ ነዋ! ሌባ ቤቱን አጸዳው ሲባል ሰምተህ አታውቅም?» አለኝ።

የመሐረቡን ነገር ስነግረው ሊስቅ ጀምሮ ፊቴን ሲያይ ተወው። ማጣሪያው ያለበት መኪና ጭስ ማውጫው ውስጥ ጥቀርሻ አይገኝም፣ ደረቅ ጥቁር መውጣቱ ራሱ ማጣሪያው እንደሌለ ማረጋገጫ ነበር አለኝ። ማጣሪያው የሚይዘውም ወደ ሰው ሳንባ የሚገባውን ደቃቁን እንደሆነ ነገረኝ። አባዬ፣ ያን ጊዜ የእርስዎ ሳል በሐሳቤ መጣብኝ። ከወይዘሮ ሸዋአየሁ መርጫ ይልቅ የእርስዎ ሳል።

አሁን ጭንቀቴን ይስሙኝ። ዱቄት የማመላልስለት ድርጅት እስከ ኅዳር ማብቂያ የዘንድሮን ቦሎ መስተዋቱ ላይ ያልለጠፈ መኪና አልጭንም ብሏል። ቦሎ ለማግኘት ደግሞ ዓመታዊ ምርመራ ማለፍ አለብኝ፤ ምርመራው ላይ ጭስም ይለካል። ለቴዎ ደውዬ ጮኽኩበት። እሱ አልተናደደም። እንዲያውም አጽናናኝ፦ «ለቦሎ የሚከራይ ማርሚታ አለ እኮ፣ ሙሉው። ጠዋት ታስገጥማለህ፣ ታልፋለህ፣ ከሰዓት ትመልሳለህ። ሁሉም የሚያደርገው ነው፣ አትጨናነቅ በቃ።» እሺ አልኩት። አልዋሽዎትም፣ ቀጠሮ ሁሉ ይዤ ነበር። ሸምሰዲን ግን እንዲህ ላለው ሥራ እጄን አላስገባም፣ ሌላ ሰው ፈልግ አለኝ። ወደ ቤት ስመለስ የወይዘሮ ሸዋአየሁን መስኮት ቀና ብዬ አየሁት። በተከራየ ማርሚታ ቦሎው ቢለጠፍም ያ መስኮት ተዘግቶ ይቀራል። ይህን ሳስብ ቀጠሮውን ሰረዝኩና ለቴዎ በቃ ሽጥልኝ አልኩት። ከዚህ ነገር መላቀቅ ብቻ ነበር የፈለግሁት፤ ለማን እንደሚሸጥ አላሰብኩም።

ረቡዕ ዕለት ገዢ ይዞ መጣ። አቶ ኃይለገብርኤል ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፣ ለልጃቸው ሊገዙ ነው። ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው መኪናውን ዞሩት፣ ጎማውን በእግራቸው መቱ፣ ከዚያ ከኪሳቸው ነጭ መሐረብ አወጡ። ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት፣ አስገቡት፣ አዞሩት፣ አውጥተው ወደ ፀሐይ አነሡት። «ደረቅ ጥቁር! ጤነኛ ነው» ብለው ልክ እንደ እርስዎ ፈገግ አሉ። ቀጥለውም ማርሚታውስ ብለው ጠየቁኝ። ቴዎ ከኋላቸው ሆኖ ጠቀሰኝ። አፌ ላይ የመጣችው ቃል «ጸድቷል» ነበረች። የመጀመሪያዋን ፊደል ብያታለሁ።

ከዚያ ውስጡ ባዶ ነው፣ አይግዙኝ አልኳቸው። አላመኑኝም! የተሻለ ገዢ የመጣልኝ መሰላቸው። አርባ ዓመት ነድቻለሁ፣ ይህ ጣት ተሳስቶ አያውቅም ብለው ተቆጡኝ። ቴዎም ደስ ብሎት «ነገርካቸው አይደል? በቃ ከአንተ ወርዷል» ብሎ በጆሮዬ አንሾካሸከ። እውነት ለመናገር ለአንድ አፍታ እኔም ከእኔ ወርዷል ብዬ ነበር። ተናገርኩ፣ አላመኑኝም፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ግን መሐረቡን እንደ እርስዎ አራት አድርገው አጥፈው ኪሳቸው ሲከቱት አየሁና አላስቻለኝም። ለምኜ ሸምሰዲን ጋራዥ ወሰድኳቸው። እዚያ ዘይት ሊቀይር የመጣ፣ ማርሚታው ያልተነካ ተመሳሳይ መኪና ቆሞ ነበር። ባለቤቱን አስፈቅደን፣ የእኔን ንጹሕ መሐረብ ሰጠኋቸውና በራሳቸው ጣት አስገቡት። ነጩ ነጭ ሆኖ ወጣ። ገለበጡት። እንደገና አስገብተው አወጡት። ከዚያ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀና አድርገው «በዚህ ጣት ለስንት ሰው መኪና መረጥኩ መሰለህ?» አሉኝ። መኪናውን ሳይገዙ ጨብጠውኝ ሄዱ።

አባዬ፣ እኔን ያስጨነቀኝ ያ ፊታቸው ነው። እርስዎም ይህን ሲያነቡ ያ ፊት ይኖርዎታል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ይስሙኝ፦ ጣትዎ አልተሳሳተም። እርስዎ የነዷቸው መኪኖች ማጣሪያ አልነበራቸውም፤ ለእነሱ ልክ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጸድቷል ሲሉኝ፣ የጸዳ ነገር እንዴት መሐረብ ያጠቁራል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። የሚጠይቅ አፍ ነበረኝ፤ የጓጓ ልብ ዘጋው።

እንግዲህ የዱቄቱ ሥራ የሚያመልጠኝ ይመስለኛል። ሸምሰዲን ሙሉ ማርሚታ እየፈለገልኝ ነው፤ ሁለት ወር ይፈጃል ይላል፣ አይገኝም ይሆናል ደግሞ ይላል። እስከዚያ ከሰንጋ ተራ የሰው ሚኒባስ መንዳት ጀምሬያለሁ። እንዳላረጅበት የፈሩልኝ የሰው መኪና ማለት ነው። በእርጋታ የምጽፍልዎ እንዳይመስልዎ፤ ፈርቻለሁ። ማርሚታው ባይገኝስ እላለሁ፣ አባቴ መኪናዬን በባዶ ቆርቆሮ ለወጠው ቢለኝስ እላለሁ። ይቆጡኝ፣ ግን ዝም አይበሉኝ። ደብዳቤ ይጻፉልኝ።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሞ ሰላም ይላል ይበሉልኝ፤ መኪናው ለዕረፍት ቆሟል ይበሏት፣ ይህችን ብቻ ይዋሹልኝ። ለሉሊ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ደብዳቤውን ከእጅዎ ነጥቃ እንዳታነብ ይጠንቀቁ። ሃበንን ግራና ቀኝ ጉንጯን ይሳሙልኝ። ጽጌሬዳ ለሁላችሁም ሰላም ትላለች። ወይዘሮ ሸዋአየሁም «የገብሬን ሳል ጠይቅልኝ» ብለዋል፤ መኪናውን በጠዋት ማስነሣት ስለተውኩ መስኮታቸውን ከከፈቱ ዛሬ ስምንተኛ ቀናቸው ነው።

ፖስታው ውስጥ አንድ ነጭ መሐረብ ያገኛሉ። ተሳስቼ ያልተነካውን የላክሁልዎ እንዳይመስልዎ፤ አቶ ኃይለገብርኤል ሁለት ጊዜ አስገብተው ያወጡት ነው። ከፊተኛው ጋር ጎን ለጎን አድርገው ለጓደኞችዎ ያሳዩልኝ። ሲጨርሱ ጥቁሩን ይጣሉት። ነጩን እማዬ አጥባ ትስጥዎትና ለሳልዎ ይያዙት።

ልጅዎ
ተስፋለም ገብረጻድቃን

ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.