ሳላነብ ያበሰርኩት ዜና

ሰኞ፣ ማርች 3

ጠዋት ሁለት ክፍል አስተማርኩ፣ ከሰዓት ገጹን ሳሰናዳ ዋልኩ። የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍላችን “ዜናና ስኬት” ገጽ... ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። የሚቀበለኝ ጠፍቶ አይደለም፣ አልሰጥም።

ሰዉ ስኬቱን ይዞ ቢሮዬ በር ላይ ይሰለፋል። ዛሬ ደግሞ ባልደረባዬ ዶክተር ሉስዌቲ መጣ፤ ካምፓላ ጉባኤ ላይ “ጥናት አቀረበ” በይልኝ ይላል።

“አቀረብክ ወይስ ተቀመጥክ?”

“ጥያቄ ጠይቄያለሁ።”

“እንግዲያው ጠየቀ ብዬ እጽፋለሁ።”

ተኮሳትሮ ወጣ። በዘጠኝ ዓመት አንድ እርማት አውጥቼ አላውቅም። እየተኩራራሁ ነው? አዎ፣ እየተኩራራሁ ነው። ማን ያየኛል።

ማታ ልወጣ ስል ሲታዋ ባራሳ ቆማ ጠበቀችኝ። ሦስተኛ ዓመት ናት፣ የሸንኮራ ገበሬ ልጅ። ካሉን ተማሪዎች ሁሉ የሚያስቀናኝ የእሷ ብዕር ነው። አባቷ ወደ ነርስነት ተዛወሪ ብለዋታል። ማመልከቻው ማርች 31 ይዘጋል።

“ቁርጥ ነው?” አልኳት።

“ቅጹን አስሞልተውኛል። ፈርመው ማስገባት ነው የቀራቸው። እንግሊዝኛማ ሁሉም ሰው ይናገረዋል፣ ምኑን ነው የምትማሪው ይሉኛል።”

ምን ልበላት? ትንሽ ታገሺ አልኳት። ጃንዋሪ ላይ አንድ አጭር ልብ ወለዷን ለምሥራቅ አፍሪካ ተማሪዎች ውድድር ልኬላታለሁ። እስካሁን ድምፅ የለም።

ረቡዕ፣ ማርች 5

መልሱ በኢሜይል መጣ። ወደ ክፍል እየተጣደፍኩ ስልኬ ላይ አየሁት። “ከደረሱን 612 ታሪኮች መካከል፣ ስለ ተማሪዎ ስለ ሲታዋ ባራሳ ስናበስርዎ ደስታ ይሰማናል...” ደረጃው ላይ ቆሜ ጻፍኩ፦ ተማሪያችን ከ612 ታሪኮች አንደኛ ወጣች። ገጹ ላይ ለጠፍኩት፣ ዋትሳፕ ላይም።

እስከ ምሳ ሰዓት 143 “እንኳን ደስ ያለሽ”። አንዱ ከአንዱ እየገለበጠ። ኃላፊያችን ፕሮፌሰር ማኮካ ለዲኑ ደውሎ “የእኔ ተማሪ” ሲል ሰማሁት። አስተምሯት አያውቅም። ይሁን፣ ደስታው ለሁላችንም ይበቃል።

ሐሙስ፣ ማርች 6

ሲታዋ መጣች። አባቷ ደውለውላታል። የአካባቢው ሹም በስብሰባ ላይ ስሟን ጠርቶ አስጨብጭቧል። “ባለሽበት ቆዪ፣ ቅጹን አጥፌ አስቀምጬዋለሁ” አሏት። እሑድ ቤተ ክርስቲያናቸው ምስጋና አለ፣ እኔም ተጠርቻለሁ።

ልጅቷ ግን ፊቷ አልፈታም። ደንግጣ ነው መቼም።

እሑድ፣ ማርች 9

ሃያ ደቂቃ ተናገርኩ። ስለ ንባብ፣ ስለ ትጋት፣ ስለ ሴት ልጅ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ።

ከዚያ ቤታቸው፣ የበቆሎ ገንፎ ኡጋሊና ዶሮ። በእኛ በቡኩሱዎች ወግ የዶሮ ጨጓራ የአባወራው ነው፣ ሴት አትቀምሰውም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ዶክተርነቴ አባቴ ቤት ቀምሼው አላውቅም። አባትየው፣ በክብር ስማቸው ምዜ ባራሳ፣ ጨጓራውን ከሳህናቸው አነሱና ሲታዋ ሳህን ላይ አስቀመጡት። አክስቷ እጇ አየር ላይ ቀረ። “ብይ፣ ተሳስቼ ነበር” አሏት። አንገቷን እንደደፋች በላች። እንባዬ መጣ።

ሰኞ፣ ማርች 10

ለማስታወቂያ ሰሌዳው የኢሜይሉን ቃል ልገለብጥ ከፈትኩት። ሁለተኛው አንቀጽ... “ከመጨረሻዎቹ አምስት ዕጩዎች አንዷ ሆናለች።” አሸናፊው የሚታወቀው ኤፕሪል 11 ነው።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያው ነው።

እኔ... “መጀመሪያ ጥያቄውን እስከ መጨረሻ አንብቡ” እያልኩ የልጆች ነጥብ የምቀንስ ሴት። ወይ እኔ ናንጃላ።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ለማንም አልተናገርኩም።

ረቡዕ፣ ማርች 12

ለማኮካ ነገርኩት። በሩን ዘጋ።

“ሌላ ማን አይቶታል?”

“እኔ ብቻ።”

“እንግዲያው ማንም አላየውም። አንድ ወር ነው። ካሸነፈች ማን ያስታውሳል?”

“ካላሸነፈችስ?”

“ያኔ እናስብበታለን። ዲኑ አንድ መምህር ሊጨምርልን ነው፣ አሁን ትንፍሽ እንዳትይ።”

እውነቱን ልጻፍ፣ ቀለል አለኝ። ታሪኩ ጥሩ ነው፣ ልታሸንፍ ትችላለች። ገጹም አይነካ፣ ስሜም አይነካ...

ግን ማርች 31 ኤፕሪል 11ን አይጠብቅም። ሰውዬው ቅጹን አጥፈው ያስቀመጡት በእኔ ወሬ ነው። ብትሸነፍና ያኔ ቢያውቁ የነርስነቱ በር ተዘግቷል። ዝም ካልኩ እኔ ወሰንኩላቸው ማለት ነው። ልጅቷ የማን ልጅ ናት?

ዓርብ፣ ማርች 14

ሲታዋን ጠርቼ ነገርኳት። አላየችኝም።

“አውቃለሁ ዶክተር።”

“ምኑን?”

“የአምስታችን ስም ባለፈው ሳምንት ሐሙስ በውድድሩ ገጽ ላይ ወጥቶ ነበር።”

“ያንን ጨጓራ ስትበዪ ታውቂ ነበር?”

“አዎ።”

“ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?”

“እርስዎን ላለማሳፈር...”

ወንበር ሳብኩላት።

“መማር ፈልጌ ነው” አለች። “አባቴ ቆዪ ሲሉኝ... በዚያው እንዲቀር ፈለግኩ።”

ጥፋተኞቹ ሁለት ሆንን። ልቆጣት ነበር፣ በምን አፌ? እሑድ አብረን እንደምንሄድ ነገርኳት። አለቀሰች። አባበልኳት፣ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

እሑድ፣ ማርች 16

ከጸሎት በፊት ደረስን። ምዜ ባራሳ በረንዳ ላይ ጫማቸውን ይጠርጋሉ። ሳልቀመጥ ተናገርኩ፣ ከተቀመጥኩ እንደማልናገር አውቃለሁ።

“ሽልማት የለም ነው የሚሉኝ?”

“ገና አልታወቀም። ከአምስቱ አንዷ ናት።”

“ከስንት ሰው አምስት?”

“ከስድስት መቶ አስራ ሁለት።”

ጫማውን አስቀመጡ። “ሸንኮራዬን ስሸጥ ሚዛን ላይ ሲዋሹኝ ለምጄዋለሁ። አስተማሪ ይዋሸኛል ግን አላልኩም።”

“አልዋሸሁም። ሳላነብ ነው የጻፍኩት።”

“ይሄማ ይብሳል” አሉ።

ሲታዋም የራሷን ተናገረች። ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም። “ለእኔ የነገራችሁኝን ለምእመኑም ንገሩ” ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ቀደሙን።

ነገርን። ባለፈው ሃያ ደቂቃ የለፈለፈ አፌ ዛሬ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ወጣው። ከኋላ አንዲት አሮጊት “ታዲያ እልልታችንን መልሱልን” አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

ምሳ አልተጋበዝኩም። ልሰናበት ስል ምዜ ባራሳ፣ “ለመሆኑ የጻፈችው ምንድን ነው?” አሉ።

ክው አልኩ። 143 ሰው እንኳን ደስ ያለሽ ሲል ይህን የጠየቀ አንድም አልነበረም።

ሲታዋ እዚያው ቆማ በቋንቋችን፣ በቡኩሱ፣ ተረከችላቸው። ሸንኮራውን ትራክተር ላይ ጭኖ ፋብሪካ በር ላይ ሦስት ቀን የተሰለፈ ገበሬ ታሪክ ነው። ሸንኮራው እየደረቀ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ሰውዬው ደግሞ ሌሊት ሌሊት ውሃ ያርከፈክፍለታል። መሬት መሬት እያዩ ሰሟት። ስትጨርስ፣ “ሦስት ቀን አይደለም፣ አምስት ነው። ሕፃን ነበርሽ” አሉ።

ስለ ቅጹ ምንም አላሉም። እኔም አልጠየቅኩም፣ ፈራሁ።

ሰኞ፣ ማርች 17

“ተሳስቻለሁ። ሲታዋ ባራሳ ለመጨረሻው ዙር አለፈች እንጂ ገና አላሸነፈችም። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው። ናንጃላ ካኤምባ።” ለጠፍኩት። ዘጠኝ ዓመቴ እዚህ ላይ አለቀ።

ማኮካ ኮሪደር ላይ ሰላምታ ነፈገኝ። ሉስዌቲ ግን ማንዳዚ የምንለውን ጥብስ ዳቦ ገዝቶ ሻይ ሊጠጣ መጣ። “አነበብሽው ወይስ አየሽው?” አለኝ። ይገባኛል። ማንዳዚውን በላሁበት።

ሐሙስ፣ ማርች 27

ሲታዋ ክፍል አልመጣችም። ስልኳ አይሠራም። ጓደኞቿ አባቷ ቤት ጠርተዋታል ይላሉ። ለምን? ቅጹን ሊያስገቡ? ቀኑን ሙሉ የማስተምረውን አላውቀውም።

ሰኞ፣ ማርች 31

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስደርስ ምዜ ባራሳ ቢሮዬ በር ላይ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሲታዋ ከጎናቸው። ቅጹ ከኮታቸው ኪስ ጫፉ ብቅ ብሏል። አለቀ፣ አልኩ በልቤ።

“ፈርሜበታለሁ” አሉ። “ከማስገባቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ውድድሩን ይተዉት። ይህቺ ልጅ በዚህ ትምህርት እንጀራ ይወጣላታል?”

ድሮ ቢሆን ንግግር አደርግ ነበር።

“አላውቅም” አልኳቸው። “አስተማሪ ትሆን ይሆናል፣ ጋዜጠኛ ትሆን ይሆናል። ነርስነቱ የታወቀ ነው፣ ይሄኛው አይታወቅም። ካስተማርኳቸው ሁሉ ግን እንደ እሷ የሚጽፍ አላገኘሁም። ይህን የምልዎ አንብቤ ነው።”

ቀጥለው ወደ እሷ ዞሩ።

“አንቺስ?”

“እዚሁ መቆየት እፈልጋለሁ አባዬ። ዋሽቼም ቢሆን ፈልጌው ነበር።”

“መዋሸትሽን ጠልቼዋለሁ” አሉ። “ይህን ያህል የምትፈልጊው ነገር እንዳለ ግን አላውቅም ነበር።”

ባርኔጣቸውን አድርገው ተነሡ። ከእኛ ቢሮ ወጥተህ ቅጹ የሚገባበት መዝገብ ቤት በግራ ነው፣ መውጫው በቀኝ። በቀኝ ሄዱ። ቅጹ ከኪሳቸው አልወጣም። ሲታዋ እጄን ይዛ አልለቅም አለችኝ። መዝገብ ቤቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ እስኪዘጋ በየሰዓቱ በመስኮት ሳይ ዋልኩ። አልተመለሱም።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 11

አንድ የዶዶማ ልጅ አሸነፈ። ታሪኩን አውጥተውታል። አነበብኩት፣ እስከ መጨረሻው። ጥሩ ነው። የእኛ ይበልጣል ልበል? አልልም... በትንሹ ይበልጣል።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12

ገጹን ሳልነካ መጀመሪያ ለምዜ ባራሳ ደወልኩ። የነርስነቱ በር ከተዘጋ አስራ ሁለት ቀን ሆነው። ምነው ያን ቀን በግራ በሄድኩ ቢሉኝስ?

“ሰምተናል” አሉ። “ትናንት እሷው ነገረችን። እናቷ ትንሽ አለቀሰች።”

“እርስዎስ?”

“እኔ ሸንኮራ እቆርጥ ነበር።”

ገጹ ላይ ልጽፈው መሆኑን ነገርኳቸው፤ ሳይወጣ ላንብብልዎ አልኩ። ዘጠኝ ዓመት ለማንም አድርጌው አላውቅም።

“ያንብቡ።”

አነበብኩ፦ “ሲታዋ ባራሳ ከአምስቱ ዕጩዎች አንዷ ነበረች። አላሸነፈችም። በሴፕቴምበር በትምህርት ክፍላችን አራተኛ ዓመቷን ትጀምራለች።”

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ አልኩ።

“አለሁ። የመጨረሻውን ይድገሙልኝ።”

ደገምኩላቸው።

“እሱን ከላይ ያድርጉት” አሉ።

ከላይ አደረግኩት።